ተሰጥዎ ይፈተን ወይስ የተማሩት?

አሜሪካ አገር ልጅ የሚያሳድግ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ፣ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ጥያቄ መስማቱ አይቀርም። «ኤስ.ኤ.ቲ. ይሻላል ወይስ ኤ.ሲ.ቲ.?» ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ የአሜሪካ ኮሌጆች አዲስ ተማሪ ሲቀበሉ የሚመለከቷቸው ትልልቅ ፈተናዎች ናቸው። ጥያቄው በስልክ ወደ እኛም ይመጣል፤ «አንተ መምህር ልትሆን አይደል እንዴ? እስቲ ምከረን» ይባላል። ነጻ የትምህርት ዕድል ለማግኘት የሚጻጻፉ የአገር ቤት ልጆችም ይኸንኑ ይጠይቃሉ።

«ይህ የውጭ አገር ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባናል። በእኛም አገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ፣ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጎን፣ «አፕቲትዩድ» የሚባል ወረቀት አለ። ስሙም ሐሳቡም ከአሜሪካው ኤስ.ኤ.ቲ. ጋር ዝምድና ያለው ነው። ስለዚህ የፈተናውን የትውልድ ሐረግ ማወቅ፣ ነገ ልጆች ለዚያ ወረቀት ለምናዘጋጅ ሰዎች ትርፍ ወሬ አይደለም።

የኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። ለአንድ ተማሪ ከሁለቱ ፈተናዎች አንዱን መምረጥ የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ እንቅልፍ ሊያጡበት አይገባም። ለመምህር ግን ከፈተናዎቹ ጀርባ ካሉት ሁለት ሐሳቦች አንዱን መምረጥ የሙያ ዘመን ሁሉ ጉዳይ ነው። አንዱ ሐሳብ «ልጁ ምን ዓይነት ጭንቅላት ይዞ ተፈጠረ?» ይላል። ሌላው «ልጁ ምን ተማረ?» ይላል። እኔ ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

ኤስ.ኤ.ቲ. ከየት መጣ?

የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1900 ሲቋቋም ፈተናው የምርጫ ጥያቄ አልነበረም። ተማሪው የተማረውን ላቲን፣ ታሪክና ሒሳብ በእጅ ጽሑፍ ያብራራ ነበር። ነገሩ የተለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነው። የአሜሪካ ጦር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምልምል ወታደሮችን በአጭር ጊዜ ለመመደብ ብሎ የአእምሮ ፈተና አዘጋጀ። በዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት የሥነ ልቡና ምሁራን አንዱ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ካርል ብሪገም ነበሩ።

ብሪገም ያንኑ የወታደር ፈተና ለኮሌጅ እንዲስማማ አድርገው አሻሻሉት። የመጀመሪያው ኤስ.ኤ.ቲ. እ.ኤ.አ. በሰኔ 1926 ለ8,000 ያህል ተማሪዎች ተሰጠ። 315 ጥያቄ በ97 ደቂቃ! ለአንዱ ጥያቄ ሃያ ሰከንድ እንኳ አይደርስም ማለት ነው። የፊደሎቹ ፍችም በዚያን ጊዜ «የትምህርት ተሰጥዎ ፈተና» የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ፈተናው ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ያገኘውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን፣ ገና ያልወጣውን ችሎታ አወጣለሁ ባይ ነበር።

ይህን ሐሳብ የወደዱት ሰዎች ሁሉ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በ1930ዎቹ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ኮናንት፣ ሃርቫርድ የባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች መሰብሰቢያ ብቻ መሆኑ አላማራቸውም። ከትንንሽ ከተሞችና ከማይታወቁ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ልጆችን በነጻ ትምህርት ማምጣት ፈለጉ። የት ትምህርት ቤት እንደ ተማረ ሳያዩ ልጁን የሚያውቁበት ሚዛን ሲፈልጉ፣ ረዳታቸው ሄንሪ ቾንሲ ይህን ፈተና አቀረቡላቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 የፈተና አዘጋጁ ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት እኚሁ ቾንሲ ናቸው።

ነገር ግን የዚህ ሐሳብ ሌላኛው ፊት መዘንጋት የለበትም። ብሪገም እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከጦሩ ፈተና ውጤት ተነሥተው፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ሰዎች በአእምሮ ይበልጣሉ፤ ጥቁሮችና ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ያንሳሉ ብለው ጽፈው ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ያንን ድምዳሜያቸውን መሠረት የለውም ብለው ራሳቸው ሻሩት። በአንድ ቋንቋ የሚሰጥ ፈተና፣ ያንን ቋንቋ ለመልመድ እኩል ዕድል ያላገኙ ሰዎችን ሊያወዳድር እንደማይችልም አስገነዘቡ። ፈተናውን የወለዱት ሰው ራሳቸው ይህን ካሉ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ተማሪ የምንፈትን እኛ ቃሉን ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ይገባል።

ኤ.ሲ.ቲ.ስ?

ሁለተኛው ፈተና የተወለደው በእርሻ አገር በአዮዋ ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤቨረት ሊንድክዊስት ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአዮዋ ትምህርት ቤቶች ፈተና ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው። የመልስ ወረቀት የሚያርም ኤሌክትሮኒክ መኪና በመሥራትም ስማቸው ይጠቀሳል። የርሳቸው እምነት ከብሪገም የተለየ ነበር። ለኮሌጅ የሚያበቃው ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገበየው ዕውቀትና የማሰብ ልምድ ነው፤ እንግዲያው ፈተናው ከዚያው ይውጣ አሉ።

ኤ.ሲ.ቲ. እ.ኤ.አ. በኅዳር 1959 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ 75,000 ያህል ተማሪዎች ተፈተኑ። ክፍሎቹም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የኅብረተሰብ ትምህርትና የተፈጥሮ ሳይንስ ነበሩ። ስሞቹን ልብ በሉ፤ የክፍል የትምህርት ድልድል ይመስላሉ እንጂ የአእምሮ ሐኪም ወረቀት አይመስሉም። ውጤቱም ለመቀበልና ለመመለስ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ከገባ በኋላ በየትኛው ክፍል ቢመደብና በምን ቢታገዝ እንደሚበጀው ለመምከር ጭምር የታሰበ ነበር።

«አፕቲትዩድ» የሚለው ቃል ምን ደረሰበት?

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ ነው። በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ባለው ትግል ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ፣ ማን ወደ ማን እንደ ተጠጋ ማየት ይበቃል።

በመጀመሪያ፣ ተሰጥዎ በጥናት አይገኝም የተባለው ፈተና በጥናት የሚሻሻል ሆኖ ተገኘ። ስታንሊ ካፕላን የተባሉ የኒውዮርክ አስጠኚ እ.ኤ.አ. በ1946 ለኤስ.ኤ.ቲ. ተማሪ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ሥራቸው እያደገ ሄዶ በመላው አሜሪካ የታወቀ ድርጅት ሆነ። የፈተናው ባለቤቶች ለብዙ ዓመታት «ማስጠናት አይጠቅምም» ሲሉ ቢከራከሩም፣ ወላጅ ገንዘቡን ይዞ ወደ አስጠኚው መሄዱን አልተወም። በገንዘብ የሚሻሻል ነገር ደግሞ ምኑ ነው ተፈጥሮ?

ቀጥሎ፣ ስሙ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ «ተሰጥዎ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ምዘና» በሚል ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ጭራሽ ፊደሎቹ ምንም ፍች የላቸውም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ አትኪንሰን፣ እርሳቸው ራሳቸው የሥነ ልቡና ምሁር ሆነው ሳለ፣ ዩኒቨርሲቲው ኤስ.ኤ.ቲ.ን ትቶ ከትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ፈተና እንዲጠቀም ሐሳብ አቀረቡ። ፈተናውም እያደር ተሻሻለ። የተቃራኒ ቃላት ጥያቄ በ1990ዎቹ ወጣ፤ የቃላት ዝምድና ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማንም የማይናገራቸው ብርቅ ቃላትም ቀሩ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ መቀነስም ተተወ።

እንግዲህ ምን ሆነ? የተሰጥዎው ፈተና የትምህርት ፈተና ወደ መሆን አዘነበለ። ዛሬ ሁለቱ ፈተናዎች እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። እኛ ግን ወላጁ የጣለውን ስም ዛሬም በፈተናችን ወረቀት ላይ ይዘን እንገኛለን።

የሚመርጥ ተማሪ ምን ያድርግ?

ዘመድ ለሚጠይቀን ጥያቄ ተግባራዊ መልስ ልስጥ። የአሜሪካ ኮሌጆች፣ ፈተና የሚቀበሉት ሁሉ፣ ከሁለቱ የትኛውንም ይቀበላሉ፤ አንዱን ከአንዱ አያበላልጡም። የሁለቱ ፈተናዎች ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ ያወጡት የውጤት ማመሳከሪያ ሠንጠረዥም አለ። ስለዚህ «ኮሌጁ የትኛውን ይወዳል?» የሚለው ጥያቄ ከናካቴው መነሣት የለበትም።

ልዩነቱ ያለው በአሠራራቸው ነው። ኤስ.ኤ.ቲ. ከአሜሪካ ውጭ ከመጋቢት 2023፣ በአሜሪካ ውስጥ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆኗል። 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይሠራል። የንባብና የሒሳብ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው በሁለት ይከፈላሉ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ የሠራ ተማሪ ሁለተኛው ግማሽ ከበድ ብሎ ይመጣለታል። የንባቡ ምንባቦች አጫጭር ናቸው፤ ለአንድ ምንባብ አንድ ጥያቄ ነው። ውጤቱ ከ1600 ይታሰባል።

ኤ.ሲ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ2025 ተሻሽሏል። በአሜሪካ ውስጥ በወረቀትም መፈተን ይቻላል። እንግሊዝኛው 50 ጥያቄ በ35 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 45 ጥያቄ በ50 ደቂቃ፣ ንባቡ 36 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ነው። ቀድሞ ግዴታ የነበረው ሳይንስ በምርጫ ሆኗል። ውጤቱ ከ36 ነው። ምንባቦቹ ረዘም ይላሉ፤ ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ቀጥተኛ ናቸው፤ የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው። ቁጥሩን ብናነጻጽር፣ በኤስ.ኤ.ቲ. ሒሳብ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ሲደርስ፣ በኤ.ሲ.ቲ. ሒሳብ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ፣ አስቦ የሚሠራ ግን ቀስ የሚል ልጅ ኤስ.ኤ.ቲ. ሊስማማው ይችላል። ፈጠን ብሎ የሚያነብና ጠመዝማዛ ጥያቄ የሚያናድደው ልጅ ደግሞ ኤ.ሲ.ቲ.ን ይሞክር።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ግምት ትቶ መሞከር ነው። ባለቤቶቹ በነጻ የሚያወጧቸው የልምምድ ፈተናዎች አሉ። አንድ ቅዳሜ አንዱን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላውን፣ ሰዓት ይዞ፣ ስልክ ዘግቶ ይሥራ። ውጤቱን በማመሳከሪያው ሠንጠረዥ ያስተያይ። የተሻለውን ይምረጥ፤ ሌላውን ይተወው። ሁለቱንም እያፈራረቀ የሚያጠና ልጅ ሁለት ዛፍ ላይ ልውጣ እንደሚል ሰው ነው። በአሜሪካ የሚማር የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅም የምዝገባ ክፍያው ነጻ እንዲሆንለት በትምህርት ቤቱ አማካሪ በኩል መጠየቅ ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ ስለሚኖር መንገር ያስፈልጋል። የፈተና ውጤት ግዴታ መሆን አለመሆኑንም ከእያንዳንዱ ኮሌጅ ማረጋገጥ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አይመለከተውም፤ ኤም.አይ.ቲ. ግን ለጥቂት ጊዜ ትቶት እ.ኤ.አ. በ2022 ግዴታ አድርጎ መልሶታል።

ይኸው ነው። የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ከምርጫው በፊት ያለው ጥያቄ

«የትኛውን ልምረጥ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፣ ቢያንስ ፈተና እንዳለ ያወቀ ልጅ ነው። ያላወቀውስ?

በአሜሪካ የሚሽጋን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ነገር አደረገ። ኤ.ሲ.ቲ.ን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ፣ በየትምህርት ቤታቸው፣ በትምህርት ቀን፣ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ደነገገ። ጆሹዋ ሃይማን የተባሉ ተመራማሪ ውጤቱን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙ። ያገኙት ነገር መምህርን ሁሉ ሊያስደነግጥ ይገባል። ፈተናው በፈቃድ በነበረበት ጊዜ ተፈትነው ለኮሌጅ የሚያበቃ ውጤት ካመጡት 1,000 ተማሪዎች ጎን፣ ያንኑ ያህል ሊያመጡ የሚችሉ ግን ያልተፈተኑ 230 ሌሎች ነበሩ። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ለብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ በየ1,000ው 480 ሆኑ።

አራት መቶ ሰማንያ! እነዚህ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ማንም «አንቺም እኮ ትችያለሽ፤ ተመዝገቢ» ያላላቸው ልጆች ናቸው። በርግጥ ሁሉም ከተፈተኑ በኋላ ኮሌጅ የገባው ቁጥር የጨመረው በጥቂቱ ነው፤ ፈተና በር ያሳያል እንጂ ብር አይሰጥም፤ እጅ ይዞም አያስገባም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል። ኤስ.ኤ.ቲ. ነው ኤ.ሲ.ቲ. ከሚለው ክርክር ይልቅ፣ የልጁን ስም የሚጠራና ፈተናው ፊት የሚያቀርበው ሰው መኖር አለመኖሩ ይበልጣል። ያ ሰው ደግሞ መምህሩ ነው።

ተቃዋሚዬ የሚለው

የሐሳቤ ተቃዋሚ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ ደብቄ ላልፈው አልፈልግም። «አንተ የተማሩት ይፈተን ትላለህ፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ መጽሐፍ ለአምስት በሚደርስበት፣ የፊዚክስ መምህር ግማሽ ዓመት በጠፋበት ትምህርት ቤት ያለው ልጅስ? ያልተማረውን ብትፈትነው ትቀብረዋለህ። አፕቲትዩድ ግን ትምህርት ቤቱ ሳይረዳው ያለውን ብልህነት ያወጣለታል» ይላል። የኮናንት ሐሳብ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የዳርትመዝ ኮሌጅ ፈተናውን ግዴታ አድርጎ ሲመልስም፣ ከድኻ ቤተሰብ የመጡ አንዳንድ አመልካቾች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረውን ውጤት «አነስተኛ ነው» ብለው ሳይልኩ እንደ ቀሩ አስታውቋል። ስለዚህ ፈተና ሁሉ የድኻ ጠላት ነው ማለት ስሕተት ነው።

ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የአፕቲትዩድ ጥያቄም ከሰማይ አይወርድም። በቋንቋ ተጽፎ ይመጣል፤ ቋንቋው ደግሞ የተማረ ሰው ቋንቋ ነው። የጥያቄውን ዓይነት አስቀድሞ ያየ፣ የልምምድ መጽሐፍ የገዛና አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ ይቀድማል። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት የአፕቲትዩድ መጽሐፍም የለውም። እናም ለድኻው ልጅ ተብሎ የቆመው በር ባለጸጋው ቀድሞ የሚገባበት ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛውና ትልቁ መልስ፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። ልጁ በኬሚስትሪ ከወደቀ «ኬሚስትሪ አልተማረም» እንላለን። ይህ ቃል የሚጠየቅ ሰው ያስቀራል። ማን አላስተማረውም? ምን ጎደለ? ምን ይደረግ? በተሰጥዎ ፈተና የወደቀ እንደ ሆነ ግን «ተሰጥዎ የለውም» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠየቅም። መምህሩ ነጻ ወጣ፤ ትምህርት ቤቱ ነጻ ወጣ፤ ጽሕፈት ቤቱ ነጻ ወጣ። ዕዳው ሁሉ ልጁ ላይ ቀረ። ለኔ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የነበሩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን የወሰዱት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነበር፤ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ። ውጤቱ ከተገለጸላቸው 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እንግዲህ ይህን ቁጥር በየትኛው ሐሳብ እናንብበው? በተሰጥዎው ሐሳብ ብናነብበው፣ ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ልጆቻችን ጭንቅላት የላቸውም ልንል ነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር አለ? በትምህርቱ ሐሳብ ብናነብበው ግን አባቶች ያሉት ቃል ይመጣል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ትምህርት ባልዋለበት ሜዳ ላይ ውጤት ልንለቅም ወጣን። አንድም ተማሪ ያላለፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም አስተዋይ ልጅ አልነበረም ማለት ከቶ አይቻልም። ይልቁንስ እነዚያ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የመጡበትን መንገድ መመርመር ነው። ያ መንገድ ደግሞ የሚጀምረው እኛ በምንመደብበት ክፍል ነው።

ስለዚህ ነገሩ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። ነገ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ሁላችንም ፈተና እናወጣለን፤ ሁላችንም እናርማለን። አንድ ምሳሌ ላንሣ። አምስተኛ ክፍል ውስጥ 1/2 + 1/3 ስንት ነው ብለን ጠየቅን እንበል። ከሃምሳ ተማሪ ሠላሳ አምስቱ 2/5 ብለው ጻፉ። በተሰጥዎ ዓይን ካየነው ሠላሳ አምስት ኤክስ ነው፤ ውጤቱን መዝግበን እንሄዳለን። በትምህርት ዓይን ካየነው ግን ሠላሳ አምስቱ ልጆች አንድ ነገር እየነገሩን ነው። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረዋል፤ የክፍልፋይ ታች ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ አልገባቸውም። አንድ ዳቦ ለሁለትና ለሦስት ቆርሰን ብናሳያቸው፣ ወረቀት አጥፈን ብናስቀድዳቸው፣ ይገባቸዋል። ያ የስሕተት ወረቀት ለመምህሩ ከማንኛውም ዝግጁ የትምህርት ዕቅድ ይበልጣል።

«እንደዚያ ከሆነ ለፈተና ብቻ ማስተማር ይመጣል፤ ሽምደዳ ይነግሣል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። ግን መፍትሔው ከተማሩት ውጭ መፈተን አይደለም፤ የተማሩትን በደንብ መፈተን ነው። የአንድን ወንዝ ስም ብቻ ከምንጠይቅ፣ ወንዙ ለምን በክረምት እንደሚሞላ ብንጠይቅ ሽምደዳ አያዋጣም። ማሰብ ከትምህርት የተለየ ስጦታ አይደለም፤ በትምህርት ውስጥ የሚለመድ ነገር ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሠልጣኝ ጓደኞቼ ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ፈተና ስናወጣ እያንዳንዱን ጥያቄ «ይህን መቼና እንዴት አስተማርኩ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልስ ካጣን ጥያቄውን እንሠርዝ። ሁለተኛ፣ ካረምን በኋላ ብዙ ተማሪ የሳተውን ጥያቄ ለይተን ትምህርቱን እንደገና እንስጥ፤ ውጤት መመዝገብ የሥራው መጨረሻ አይሁን። ሦስተኛ፣ ለውድድርም ሆነ ለነጻ ትምህርት ዕድል ተመዝገቡ ሲባል፣ እጅ የሚያወጡትን ብቻ አንቁጠር። ኋላ ወንበር ያለችውን ዝምተኛ ልጅ ስሟን ጠርተን እንንገራት። የሚሽጋኖቹ 480 ልጆች በየክፍላችን አሉ።

የተከበሩ አሠልጣኞቻችንም በምዘና ትምህርት ክፍለ ጊዜ ይህን ነገር በሰፊው ቢያወያዩን መልካም ነው። የአፕቲትዩዱ ወረቀት ይቅር አይቅር የሚለው ለሚመለከታቸው ክፍሎች የሚቀርብ ጉዳይ ነው። ቢያንስ ግን ትርጉሙን በልክ እንወቀው። ተጨማሪ መረጃ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ግን መሆን የለበትም።

በየመምህራን ክፍሉ የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ «ይህ ልጅ ቀለም አይዘልቀውም» የሚል። ብሪገም ከዘጠና ዓመት በላይ አስቀድመው የሻሩትን ፍርድ እኛ በሻይ ሰዓት ያለ ፈተና እንፈርደዋለን። ከዚህ ተቋም የምንወጣ መምህራን ይህን ቃል ከአፋችን ብናወጣው፣ በምትኩም «ገና አላስተማርኩትም» ማለት ብንለምድ፣ ሥልጠናው አንድ ትልቅ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ የግድግዳው ጋዜጣ ቦታ ሰፊ ነው።

ከአንድ ሠልጣኝ